ላፕቶፕ ቻርጀር ሲላላ፦ «እዚች ጋ ሳረጋት ትይዛለች» የሚባለው ነገር

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አካባቢ ተከራይቼ በምማርበት ጊዜ ላፕቶፔን ቻርጅ ማድረግ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ገመዱን ወደ ግራ ጠምዘዝ፣ ከስሩ የታጠፈ ካልሲ፣ ገመዱ ላይ ደሞ የስታትስቲክስ ደብተር ጫን፣ ከዛ ትንፋሽ ይዞ ወደ ኋላ ማለት። ሰው በር ከፍቶ ሲገባ ከሰላምታ በፊት የምለው «ገመዷን እንዳትነካት!» ነበር። ታዲያ አንድ ማታ አከራዬ «ልጄ፣ ምንድነው እንዲህ ላስቲክ ላስቲክ የሚሸተኝ?» እያሉ መጡ፣ እኔ ደሞ «ኧረ ምንም የለም እትዬ» ብዬ ሸኝቻቸው ቻርጀሩን ልነቅል ስል ጫፉ ጣቴን ለበለበኝ። ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል።

ይሄን የምጽፈው እንደኔ ካልሲና ደብተር የሚደረድር ብዙ ሰው ስለማይ ነው። ሁሉም «እዚች ጋ ሳረጋት ትይዛለች» ይላል። እሽ ትይዛለች፣ ግን ስትይዝ ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ ብታዩት ደብተሩን ዛሬውኑ ነበር የምታነሱት።

መጀመሪያ መንገዱን እንይ። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ነው፣ እሱ በስፒናው አርጎ በወፍራሙ ገመድ ወደ ጥቁሯ ሳጥን ይገባል (ያቺ ጡብ የምትመስለው፣ ቻርጀሩ ማለት እሷ ናት)፣ ሳጥኗ ወደ 19 ወይ 20 ቮልት አካባቢ ታወርደውና በቀጭኑ ገመድ ወደ ጫፉ ትልከዋለች፣ ጫፉ ላፕቶፑ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ቀዳዳው ከማዘርቦርዱ (ውስጥ ካለው ዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ጋር ይገናኛል፣ ማዘርቦርዱ ደሞ ለባትሪው ያካፍላል። ቁጠሯቸው እስቲ፣ ስፒናና ሶኬት አንድ፣ ወፍራሙ ገመድ ሳጥኗ ላይ የሚሰካበት ሁለት፣ ቀጭኑ ገመድ ከሳጥኗ የሚወጣበት አንገት ሶስት፣ ጫፉ ጋ ያለው አንገት አራት፣ ጫፉና ቀዳዳው አምስት፣ ቀዳዳውና ማዘርቦርዱ ስድስት። ስድስት መገጣጠሚያ ላይ ነው ሊላላ የሚችለው፣ እኛ ግን ሁሌ አምስተኛውን ብቻ ነው የምንጠረጥረው፣ ምክንያቱም እጃችን የሚደርስበት እሱ ነው።

አሁን ስለ ሙቀቱ። ብዙ የተለመደ 65 ዋት ቻርጀር ጀርባውን ብታነቡት 19 ቮልት 3.42 አምፒር ይላል። ከረንቱ (የሚፈሰው ኤሌክትሪክ፣ በአምፒር የሚለካው) በሰፊ ቦታ ብረት ለብረት ተነካክቶ ሲያልፍ ችግር የለም፣ ሬዚስታንሱ (ከረንቱን የሚያግደው፣ በኦም የሚለካው) የአንድ ኦም ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው፣ ሙቀቱ አይታወቅም። ሲላላ ግን የሚነካካው ቦታ መርፌ ጫፍ ታክላለች፣ ሬዚስታንሱ ያድጋል። ግማሽ ኦም ደረሰ እንበል፣ ሙቀት ማለት ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ በሬዚስታንሱ ሲባዛ ነው፣ 3.42 በ3.42 ወደ 11.7 ይመጣል፣ በግማሽ ስታባዙት ወደ 6 ዋት ሊጠጋ ነው። 6 ዋት ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል ግን አስቡት፣ ይሄ ሁሉ የሚወጣው ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ነጥብ ላይ ነው። እዛች ነጥብ ላይ ያለው ብረት ይግልና ይጠቁራል፣ የጠቆረ ብረት ደሞ ከረንት በደንብ አያሳልፍም፣ ስለዚ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ስለዚ የባሰ ይሞቃል፣ ቀዳዳው ውስጥ ያለችው የምትቆነጥጥ ቅጠል ብረትም በሙቀቱ ጉልበቷን ታጣለች፣ ጎኗ ያለው ፕላስቲክ ይለሰልሳል፣ የባሰ ይላላል። በዛ ላይ ያዝ ለቀቅ ባለ ቁጥር ትንሽ ብልጭታ አለ፣ እሷም ብረቱን እየላሰችው ትሄዳለች። ካልሲው ከስር የሚያረገው ይሄ ነገር ሳይቋረጥ ለሰዓታት እንዲቀጥል ማመቻቸት ነው። እኔ ሶስት ወር አመቻቸሁለት።

ስለዚ ገመድ መጠምዘዙን ትታችሁ ከስድስቱ የላላው የቱ እንደሆነ ፈልጉ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሀያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ከግድግዳው ጀምሩ። ቻርጀሩን ከላፕቶፑ ነቅላችሁ ሶኬት ላይ ብቻ ሰኩት፣ ሳጥኗ ላይ መብራት ካለ (ሁሉም የላቸውም) እሷን እያያችሁ ስፒናውን ነካ ነካ አርጉት፣ ከዛ ወፍራሙ ገመድ ሳጥኗ ውስጥ የሚገባበትን። እዚ ጋ አንድ የሚያታልል ነገር አለ፣ ሳጥኗ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች ስላሉ ተነቅላም መብራቷ ጥቂት ሰከንድ ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚ ገመዱን በያዛችሁበት ሁኔታ ትንሽ ጠብቁ፣ ቶሎ ቶሎ አትነቅንቁ። መብራቷ ከጠፋች ችግሩ ላፕቶፑ ጋ ሳይደርስ ነው ማለት ነው፣ እና ደስ ይበላችሁ፣ ያ ወፍራም ገመድ ብቻውን ይሸጣል፣ አሮጌ ፕሪንተር ወይ ሌላ ቻርጀር ላይ ያለውም ጫፉ ተመሳሳይ ከሆነ ይሰራል። ይሄን የማያውቅ ሰው ሙሉ ቻርጀር ሲገዛ በአይኔ አይቻለሁ።

ሶኬቱ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ነው። ኪራይ ቤት ያለ ሶኬት ከስንት ተከራይ ጋር ኖሮ ጉሮሮው ሰፍቷል። ባለ ሁለት እግር ስፒና ደሞ ሁለት አይነት ነው፣ ቀጭኑ እግሩ 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ ወፍራሙ 4.8፣ ቀጭኑን የሰፋ ሶኬት ላይ ስትሰኩት በራሱ ክብደት ያዘነብላል። ከዱባይ የመጣ ላፕቶፕ ከሆነ ባለ ሶስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ ጥምቀት ሰሞን ዘመድ ከአሜሪካ ይዞት የመጣ ከሆነ ደሞ ባለ ሁለት ጠፍጣፋ፣ ሁለቱም በአዳፕተር ነው የሚሰኩት፣ አዳፕተር ማለት ሰባተኛ መገጣጠሚያ ነው፣ ከሁሉም የላላው እሱ ነው የሚሆነው። ያለ አዳፕተር እዚህ ሶኬት ላይ የሚገባ ወፍራም ገመድ ግዙና ተገላገሉ። ሳጥኗ ላይ ኢንፑት 100–240 ቮልት የሚል ካለ የአሜሪካዋም ያለ ምንም ትራንስፎርመር እዚህ ትሰራለች።

ላፕቶፕ ብቻውን ከግድግዳው የሚወስደው ትንሽ ነው፣ ግማሽ አምፒር እንኳን አይሞላም፣ ግን ያው ዲቫይደር ላይ ስቶቭ ከተሰካ ወይ ደሞ የላላው ሶኬት ላይ ምጣድ ሲሰካበት የኖረ ከሆነ ወሬው ሌላ ነው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ ዋት አካባቢ ይስባልና ሶኬቱን ውስጥ ለውስጥ አቃጥሎት ይሆናል። ጥቁረት ካያችሁ ወይ ሲሰካ ጭር ጭር የሚል ድምጽ ካለ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፣ በካቻቢቴ ራሳችሁ አትግቡበት፣ 220 ቮልት ይገድላል።

የግድግዳው በኩል ደህና ከሆነ አሁን ላፕቶፑ ላይ ሰኩትና የባትሪ ምልክቷን ወይ የስክሪኑን ብርሃን እያያችሁ ቀጭኑን ገመድ ፈትሹ። የኔ ዘዴ እንዲህ ነው፣ ጫፉን በሁለት ጣት ላፕቶፑ ላይ ጥብቅ አርጋችሁ ያዙት፣ ፍንክች እንዳይል፣ በሌላው እጅ ገመዱን አንድ ስንዝር ራቅ ብላችሁ አጠፍ ዘርጋ አርጉት፣ ከዛ አንገቱ ጋ፣ ከዛ ሳጥኗ ጋ ያለውን አንገት። ጫፉ ሳይነቃነቅ ቻርጁ ከሄደ ከመጣ ገመዱ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ቀጥላችሁ ተቃራኒውን፣ ገመዱን ዝም አሰኝታችሁ ጫፉን ብቻ በቀስታ ወደ ላይ ወደ ታች። አሁን ከሄደ ከመጣ ቀዳዳው ነው፣ በተለይ ቀዳዳው ከነቤቱ ሲንቀሳቀስ ካያችሁ ወይ መሀሉ ያለችው ሚስማር ዘመም ካለች ነገሩ አለቀ። ዶርም ውስጥ ተመሳሳይ ቻርጀር ያለው ሰው ካለ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፣ ተዋሱና ሰኩ፣ የሱም ይዞ የሚለቅ ከሆነ ቻርጀራችሁ ንጹህ ነው። ሳጥኗ መብራቷ ሶኬት ላይ ብቻ ስትሆን በርታ ልክ ላፕቶፑ ላይ ስትሰኩት ድርግም ካለች ግን ልልነት አይደለም፣ አንድ ቦታ ሾርት አለ (መነካካት የሌለባቸው ሽቦዎች ተነካክተዋል)፣ ደጋግማችሁ አትሞክሩ።

ባትሪው ደህና የሆነ ሰው ችግሩን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው፣ ቻርጁ ሲቋረጥ ባትሪው ይሸፍንለታላ። ባትሪው የሞተበት ደሞ ገመዱ በተነካ ቁጥር ላፕቶፑ ድርግም ይላል፣ እሱ ነው ጮሆ የሚሄደው። እና ደሞ ሁሉም «አልይዝ አለ» ልልነት አይደለም፣ 60 ወይ 80 ፐርሰንት ላይ የሚቆም ከሆነ ባትሪ እንዳይጎዳ ተብሎ ሴቲንግ ውስጥ የተቀመጠ ገደብ ሊሆን ይችላል፣ ጠጋኝ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት እሷን እዩ።

ዴል ላፕቶፕ ያላችሁ ይቺን በደንብ አንብቡ። የዴል ባለ ክብ ጫፍ መሀሉ ላይ ቀጭን ሚስማር አለች፣ እሷ ኤሌክትሪክ ለመስጠት አይደለችም፣ ለወሬ ናት። ሳጥኗ ውስጥ ያለች ትንሽ ቺፕ በዛች ሚስማር በኩል «እኔ 65 ዋት ነኝ» ወይ «90 ነኝ» ብላ ለላፕቶፑ ትናገራለች። ወደ ሚስማሯ የሚሄደው ሽቦ ከሁሉም ቀጭን ስለሆነ መጀመሪያ የሚበጠሰው እሱ ነው። ሲበጠስ ምን ይሆናል መሰላችሁ፣ ኤሌክትሪኩ ይመጣል፣ ላፕቶፑ ይሰራል፣ ግን ቻርጀሩን ስለማያውቀው ባትሪውን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩንም ሆን ብሎ ያዘገየዋል፣ ሲበራ ደሞ የቻርጀሩን አይነት አላወቅኩትም የሚል ጽሁፍ ያወጣል። ጓደኛዬ ላይ ይሄ ደርሶ አንድ ጠጋኝ «ባትሪሽ ሞቷል» ብሎ ባትሪ ቀየረላት፣ አልሰራም፣ ከዛ «ዊንዶሱ ነው» ብሎ ፎርማት አረገው፣ የሶስተኛ ዓመት ኖቷ ሁሉ ሄደ፣ ላፕቶፑ ያው እንደተንቀራፈፈ ነው። የሰው ቻርጀር ስንሰካበት በሁለት ደቂቃ ታወቀ። ኤችፒም ብዙዎቹ መሀል ላይ ተመሳሳይ ሚስማር አላቸው።

ገመዱ መበጠሱ ከታወቀ መጠገን ይቻላል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው አንገቱ ጋ ስለሆነ እዛች ጋ ተቆርጦ፣ ተልጦ፣ በሶልደር ተበይዶ፣ እያንዳንዱ ሽቦ ለየብቻ ተሸፍኖ ይዘጋል። የማይሆነው ሽቦውን በጣት ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ነው። የተጠመዘዘ ሽቦ ራሱ ልል ኮንታክት ነው፣ ናስትሮው ሲሞቅ ሙጫው ይቀልጥና ይንሸራተታል፣ ውስጠኛው ሽቦና ዙሪያውን የከበበው መረብ ሽቦ ተነካክተው ሾርት ያደርጋሉ። ጥሩ ቻርጀር ሾርት ሲሆን ራሱን ያጠፋል፣ ኮፒው ላይጠፋ ይችላል።

ቀዳዳው ከሆነስ? መጀመሪያ ማጽዳት። ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ በስልክ መብራት ውስጡን እዩ። በጋ ላይ የጎንደር አቧራ ከኪስና ከቦርሳ ብናኝ ጋር ተጋግሮ እንደ ቁራሽ ስሜንቶ ይሆናል፣ በተለይ የታይፕ ሲ ቀዳዳ ውስጥ፣ እና ጫፉ እስከ መጨረሻው አይገባም፣ እናንተ ላልቷል ትላላችሁ። በእንጨት ስቴኪኒ በቀስታ እየጫራችሁ አውጡት። መርፌ፣ የወረቀት ሽቦ፣ የጸጉር ጌጥ ክልክል ነው፣ ብረት ሁሉ ክልክል ነው። በአፍ እፍ ማለትም ምራቅ ነው የምትጨምሩበት። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል ደሞ ውሃና ግሊሰሪን ስላለው ተጣባቂ ነገር ትቶ ይሄዳል፣ እሱን ለእጃችሁ ተዉት።

ታይፕ ሲ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፣ አጥብቀው የሚይዙት ስፕሪንጎች የተቀመጡት ቀዳዳው ላይ ሳይሆን ገመዱ ጫፍ ውስጥ ነው፣ የሚያልቀው ርካሹ ይሁን ተብሎ የታሰበ ነው። ስለዚ መጀመሪያ ሌላ ገመድ ሞክሩ። የስልክ ገመድ ስትሞክሩ ግን ቻርጁ ከዘገየ አትደንግጡ፣ ተራ ገመድ ከ3 አምፒር በላይ አያሳልፍም፣ በ20 ቮልት ሲሰላ 60 ዋት ነው ጣሪያው። ላፕቶፑ ሁለት ታይፕ ሲ ካለው ሁለተኛውን ሞክሩ፣ ክብ ቀዳዳ ያለው ላፕቶፕም አንዳንዱ በጎን ባለው ታይፕ ሲ ቻርጅ ይቀበላል፣ ቀዳዳው አጠገብ የባትሪ ወይ የመብረቅ ምልክት እንዳለ እዩ፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ የሞተውን ቀዳዳ ሲታገል ይከርማል።

ጸድቶም ካልሆነ መከፈቱ ነው። እዚ ጋ ሁለት አይነት አሰራር አለ፣ ዋጋውም ድካሙም በዚህ ነው የሚለየው። አንደኛው ቀዳዳው አጭር ሽቦ ይዞ በሶኬት ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ነው፣ እሱ በካቻቢቴ ተፈቶ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ይሰካል፣ ብየዳ የለበትም፣ እጁ የረጋ ሰው ቤቱ ሊቀይረው ይችላል። ሁለተኛው እግሮቹ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። ይሄኛው እንደ ፋሲል ግንብ ድንጋይ አስቡት፣ ድንጋዩን የያዘው ኖራ ሲሰነጠቅ ድንጋዩ ቦታው ላይ ነው፣ ስትነካው ግን ይንገጫገጫል። እግሩን የያዘው ሊድ (የሚበየድበት ቀላጭ ብረት) ተሰንጥቆ ብቻ ከሆነ መልሶ መበየድ ይበቃዋል፣ ቀዳዳው ውስጡ ተቃጥሎ ከሆነ (የኔ እንደዛ ነበር) መቀየር አለበት። ብየዳው ቀላል አይደለም፣ ማዘርቦርድ ውስጥ ያለው ሰፊ መዳብ ሙቀቱን ይጠጣዋል፣ መበየጃው አቅም ከሌለው ሊዱ በቅጡ አይቀልጥም፣ ጠጋኙ ቸኩሎ ሲጎትተው ደሞ የመዳቡ መስመር አብሮ ይላጣል። ታይፕ ሲ ሲሆን እዛች ሚጢጢ ቦታ ላይ 24 ፒን (ቀጫጭን እግር) ነው ያለው፣ ሆት ኤር (ሙቅ አየር የሚነፋ መበየጃ) እና ማጉያ የሌለው ሰው እጅ አትስጡ።

እኔ በባጃጅ ፒያሳ ወርጄ ያገኘሁት ልጅ ገና ሳይከፍተው «ወንድሜ፣ ስንት ጊዜ ነው ገመዱን እየጠመዘዝክ የተጠቀምከው?» አለኝ። አፍሬ «ሁለት ሳምንት» አልኩት። ፈታውና የጠቆረውን አሳየኝ፣ ሳቀ። የወደድኩለት ግን ባትሪውን ነቅሎ መጀመሩ፣ አሮጌውን ቀዳዳ ከነሞዴሉ አስተያይቶ ነው አዲሱን ያመጣው፣ «ይሄ ይመስላል» ብሎ አልጀመረም።

ምክንያቱም የመምሰል ነገር ራሱ ለልልነት አንድ ምክንያት ነው። ክብ ጫፎች በሚሊ ሜትር ነው የሚለኩት፣ ከውጪ 5.5 የሆኑ ሁለት ጫፎች አሉ፣ አንዱ የውስጥ ቀዳዳው 2.1 ነው ሌላው 2.5። 2.1 ሚስማር ያለው ላፕቶፕ ላይ ባለ 2.5 ጫፍ ስትሰኩ ይገባል፣ ይሰራል፣ ግን መሀሉ ላይ ይጫወታል፣ ከተማ ውስጥ «አዲስ ገዝቼ ወዲያው ላላ» ከሚለው ሰው የተወሰነው የላላበት ሳይሆን ያልተለካለት ነው። ስትገዙ ቮልቱ አንድ አይነት ይሁን፣ 19 እና 19.5 ያው ናቸው አትጨነቁ፣ አምፒሩ ከድሮው እኩል ወይ በላይ ይሁን፣ በላይ ቢሆን አያቃጥልም፣ ላፕቶፑ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው። ካነሰ ግን ሳጥኗ ትግላለች። ፕላስና ማይነሱን የሚያሳየው የክብ ስዕልም ከድሮው ጋር ይመሳሰል። ድሮውን ቻርጀር ይዛችሁ ሂዱ፣ በቃል አትግዙ።

አዲስ ገዝታችሁም አልጋ ላይ ተኝታችሁ ላፕቶፑ ገመዱ ላይ ከተቀመጠ በወራት እዛው ናችሁ። ሳጥኗንም ጋቢ ውስጥ አታልብሷት፣ ቀዝቃዛ ማታ ላይ እንደ ምድጃ እግሩ ስር የሚያስቀምጣት ሰው አውቃለሁ፣ እሷ ለብ ማለቷ ጤና ነው፣ ጫፉ መሞቁ ግን በሽታ ነው፣ በየሳምንቱ ጫፉን በጣት ዳሰስ አርጉ። መብራት ሲሄድ ስፒናውን ንቀሉ፣ ሲመጣ የሰፈሩ ፍሪጅና ምጣድ ሁሉ አብሮ ሲነሳ ቮልቱ ይዋዥቃል፣ ጥቂት ደቂቃ ቆዩና ሰኩ። ማውስ ፓዱ ወይ የላፕቶፑ ሆድ ካበጠ ደሞ ስለ ቻርጀር ማሰብ አቁሙ፣ ያበጠው ባትሪው ነው፣ ቻርጅ አታርጉት፣ አስወጡት።

ከጠጋኝ ስትረከቡ እዛው ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ከሀያ ደቂቃ በላይ አሰሩት፣ ቪዲዮ ክፈቱበት፣ ባትሪው ቁጥር ሲጨምር እዩ፣ ጫፉን ዳስሱ፣ ገመዱን ሆን ብላችሁ አንቀሳቅሱት። ልጁ «ኧረ ይሰራል ወንድሜ፣ እመነኝ» ሊላችሁ ይችላል። ሂሳብ ያልተከፈለ ጊዜ ነው እንደገና የሚከፈተው።